ይህ ተጠቃሚ አስተዳዳሪ ይሁን?

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣
መስኮቷ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የሚያይ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ብርዷ ሐምሌን ከግንቦት የማይለይ።
ማሽኑ ሙቀት አይወድም። እኔ ካፖርት ለብሼ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርሁ፣ በአንድ ሣጥን ላይ ነግሼ።

የክፍለ ከተማው ልደት፣ ሞት፣ ፍቺ፣ ጋብቻ፣
እዚያ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ብቻ።
ስሙ የተጣመመበት፣ ዕድሜው የተሳሳተበት ሰው
በሬን ያንኳኳል፤ ማረም የሚችል ምትኩ ነው።
ስሜ ምትኩ ይባል እንጂ፣ ምትክ የሚሆን ሰው የለኝ፤
እረፍት ስጠይቅ «ማን ይተካሃል?» ሲሉ፣ ልሸሽገው ምን፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ ጠጠር ሐሞቴን ሞላው፤ ጥቁር አንበሳ አስተኙኝ።
መርፌው ሊገባ ሲል፣ ከቢሮ ደውለው አገኙኝ።
ሲስተሙ ቆሟል። ሰልፉ ደረጃውን ሞልቶ አስፋልት ወርዷል።
የባሏን ጡረታ ልታስፈጽም የመጣች አንዲት ሴት አለች፤
ሰውዬው ከተቀበረ ወሩ፣ በኛ ሣጥን ግን ሕያው ነው፤
ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«የይለፍ ቃሉን ንገረና!»
እኔ ዝም።

ሰው «ስስት ነው» ብሎ አማኝ፤ እውነት ነው፣ ስስት አለበት።
ግን ያ ቃል፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንድ ሰኞ ንዴት፣
ለያኔው የክፍል ኃላፊ፣ ለዛሬው ሥራ አስኪያጅ
ያወጣሁለት ስድብ አለበት፤
ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ከነቃለ አጋኖው።
ስልኩን የያዘው ደግሞ እሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎኔን ደግፌ፣
ደረጃውን ወጣሁ፣ በየፎቁ አርፌ።
ትርሲትን ጠራሁ፤ ዝምተኛውን ኡጁሉንም።
«ቃሉን ግን…» ብዬ ተንተባተብሁ።
ትርሲት ሳቀች፦ «ጋሼ፣ ቃልህን ማን ጠየቀ?
በስማችን ጎን ምልክት አድርግ፤ አለቀ፣ ደቀቀ።»

ማሽኑ ሰውን ሁሉ «ተጠቃሚ» ይላል።
እኔ ምን እንደተጠቀምሁ፣ ካፖርቴ ያውቃል።

«ይህ ተጠቃሚ አስተዳዳሪ ይሁን?»
አዎ ካልሁ፣ ነገ ጠዋት ከዝርዝሩ ሊያወጡ ይችላሉ እኔን፤
አንድ መስመር ነኝ፣ አንድ ጊዜ መጫን።
ጠቋሚዋ «አዎ» ላይ ቆማ ተንቀጠቀጠች።
እጄ ነው እንግዲህ።

ታች ጎዳናው ላይ ታክሲ «ለገሃር! ለገሃር!» ይጣራል፤
ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ፣ «ጠጋ በሉ! ጠጋ! አንድ ሰው ይቀራል!»

ጠጋ አልሁ።
አዎ።
ለኡጁሉም፣ አዎ።

ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት «ቃሉን» ስጠብቅ፣ በር ላይ ተገትሬ፣
«ይለፍ» የሚለውን ረስቼው ኖሬ።

የዚያች ሴት ባል በትርሲት እጅ፣ በወጉ ሞተ፤
ወረቀቱ ማኅተም አግኝቶ በፌስታል ተከተተ።

በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ሌሊት፣ መብራት ጠፋ፤
ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ጨለመ።
ስልኬ ትራሴ ሥር ዝም አለ፤ ዝም አለ፣ እንደ ታመመ።
ሣጥኑ ቢወድቅስ?
ደግሞስ፣ ያለኔ ባይወድቅስ?
ሁለተኛው ባሰብኝ።

ሊነጋጋ ሲል ጠራ። ትርሲት ናት፦
«ጋሼ፣ ሲስተሙስ ተነሥቷል። ማራገቢያው ግን ይጮኻል፤
የት ጋር ነበር የምትመታው? ኡጁሉ ሦስቴ ሞክሮታል።»
«በግራ ጎኑ፣ በክርንሽ። ቀስ አድርገሽ። ሁለቴ።»
ድው፣ ድው፣ በስልኩ ውስጥ። ከዚያ ትንሽ ጸጥታ፤
ከዚያ ያ የለመድሁት፣ ዝግ ያለ ጉምጉምታ።

(ለዚህኛው መብት ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የለም።)

ተገላብጬ ተኛሁ።
ስድቡን ነገ እቀይረዋለሁ።
ምናልባት።